ስለ ዝግተኛ እህልና ስለ መክሳት፤ ከፍኖተ ሰላም ገበታ የተነሣ ሒስ

«ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ዝቅ ያለ ምግብ የሚበላ ሰው ሳይራብ ይከሳል» የሚል ምክር በአሁኑ ጊዜ ከከተማ ወደ ገጠር እየወረደ ይሰማል። ምክሩ ወደ አገራችን ሲገባ አንድ ነገር ተጨምሮበታል፤ ይኸውም «ጤፍ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ጤፍ የበላ አይወፍርም» የሚለው ነው። አነጋገሩ በብዙ ሰው ዘንድ ሳይመረመር ስለ ታመነ፥ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ተነሣን። ምርመራችንም ከመጽሐፍ ቤት ሳይወጣ እንዳይቀር ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬና ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ገበታ ጋር እናመዛዝነዋለን። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች በጎ አሳብ እንዳላቸው አንጠራጠርም፤ ነገር ግን በጎ አሳብ የማስረጃን ቦታ አይተካም።

በመጀመሪያ መለኪያው ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ 62 የምግብና የስኳር ዓይነቶችን ለጤነኞች ሰዎች እያበሉ፥ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ተከታተሉ። የአሠራሩ ሥርዓት ዛሬም በዚያው መንገድ ይሄዳል። 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለበት ምግብ በባዶ ሆድ ለሆነ ሰው ይሰጣል፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ደሙ በየጊዜው ይመረመራል፤ ውጤቱም ከዚያው መጠን ግሉኮስ ጋር ይነጻጸራል። ግሉኮስ 100 ይባላል፤ 55ና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፥ ከ56 እስከ 69 መካከለኛ፥ 70ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። መለኪያው የተፈለገው የስኳር ሕመምተኞችን ምግብ ለመምረጥ ነበር እንጂ ሰውን ለማክሳት አልነበረም።

የመጀመሪያው ሒሳችን ከዚህ ይነሣል። መለኪያው የሚነግረን የስኳሩን ፍጥነት ነው፤ የምግቡን ብዛት አይነግረንም። ከጃቢ ጠህናን እህል ጭና ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ የምትመጣ በቅሎ በሶምሶማም ትምጣ፥ በዝግታም ትምጣ፥ የጫነችው ቁና ያው ነው። ሰውነትም የሚወፍረው ከሚያወጣው ጉልበት በላይ ሲቀበል ነው። ለውዝን እንመልከት፤ በዚህ መለኪያ እጅግ ዝቅተኛ ነው፥ ሆኖም ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፥ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ካሎሪ ይሰጣል። ወጡ ላይ ዘይት የጨመረች ባለሙያ የእንጀራውን ስኳር ታዘገየዋለች፤ የገበታውን ካሎሪ ግን ታበዛዋለች። እንግዲህ ቁጥሩ ወርዶ ሰውዬው ሊወፍር ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ በሰዎች ላይ ተሞክሮ ምን ተገኘ የሚለው ነው። ኮክሬን በሚባለው የጥናቶች መመርመሪያ ድርጅት ሥር እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ግምገማ 202 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 6 ሙከራዎች አይቶ፥ ዝቅተኛውን የበሉት ከሌሎቹ ይልቅ በአማካይ 1.1 ኪሎ ያህል እንደ ቀነሱ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ጉዳዩ እንደ ገና ሲመረመር፥ 1,210 ሰዎች ያሉባቸው 10 ሙከራዎች ተደምረው ልዩነቱ ትንሽ ወይም ከቁጥር የማይገባ ሆነ። ከማድላት እንድንርቅ ተቃራኒውንም እንጥቀስ፤ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ዲዮጄኔስ የተባለው ጥናት፥ አስቀድመው በከሱ 773 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፥ ፕሮቲኑ ከፍ፥ ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ዝቅ ያለ ምግብ የወረደው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ እንደሚረዳ አሳይቷል። ስለዚህ ምክሩ ከንቱ ነው አንልም፤ የተነገረለትን ያህል አይደለም እንላለን።

ሦስተኛው ነገር የጤፍ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቤተ ሙከራ የተመረመረ የጤፍ ዱቄት ዳቦ 74 ተገምቶለታል፤ ይህም ከፍተኛ ከሚባለው ወገን ነው። ሊያስደንቀን አይገባም። የጤፍ ስታርች ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነች፤ ጤፉም ከነገለባው ቢፈጭ ዱቄቱ የላመ ነው፤ የላመ ነገር ደግሞ ለሆድ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ዳቦ እንጀራ አይደለም። ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድ የስኳሩን መውጣት ያዘገያል፤ ተጋግሮ የቀዘቀዘ ስታርችም ከትኩሱ ይልቅ ለመፈጨት ይዘገያል፤ ከእንጀራው ጋር የሚበላው ሽሮ ወይም ምስር ደግሞ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። እንግዲህ «ጤፍ ይህን ያህል ነው» ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት፥ የእርሾውን ዕድሜና የወጡን ዓይነት ሳይጠይቁ መፍረድ ነው።

ከዚህም በላይ፥ የማን እንጀራ ነው የሚለካው? በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው መሬት በቆሎ አብቃይ ነው። የብዙ ገበሬ ቤት ምጣድ የሚያወጣው ከበቆሎ፥ ከዳጉሳና ከጤፍ የተቀላቀለውን ነው፤ ጤፉ ለገበያ ይሄዳል። «ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ብላ» የሚል ምክር ለእንዲህ ያለ ቤት ሲደርስ፥ ሸጦ ልብስና ማዳበሪያ የሚገዛበትን እህል ብላ ማለት ይሆናል።

ዝግተኛ እህል የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የተቀቀለ ሽምብራ 28፥ ምስር 32፥ የተቀቀለ ገብስ 28 ሲሆኑ፥ ነጭ የስንዴ ዳቦ 75፥ የተቀቀለ ድንች 78 ነው። ይህ የእናቶቻችንን ንፍሮ የሚያስመሰግን ነው፤ ፍሬው ሳይፈጭ ስለሚበላ ሆድ ራሱ እንደ ወፍጮ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሠራል። በጎጃም የሚበቅለው ግብጦ ደግሞ ስታርቹ በጣም ጥቂት፥ ፕሮቲኑ ግን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ነገር ግን መራራው መርዝነት ስላለው፥ ባላገሩ እንደሚያደርገው ተቆልቶ ብዙ ቀን በውሃ ሳይዘፈዘፍ መበላት የለበትም። የባላገሩን ግብጦ የሚያመሰግን ሰው የባላገሩን ጥንቃቄ አብሮ ይውሰድ።

አራተኛውና ዋናው ሒሳችን ምክሩ የሚነገረው ለማን ነው የሚለው ነው። በእኛ አገር «ወፈርህ» ምርቃት፥ «ምነው ከሳህ» ደግሞ ሐዘን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በኢትዮጵያ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፥ ከመጠን በላይ የወፈሩት ከመቶ 8 ነበሩ፤ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ ቁመታቸው የቀነጨረ ነበር። የስኳር ሕመምም ቢሆን ሁልጊዜ የወፍራም ሰው ሕመም አይደለም። በጎንደርና በጅማ የሠሩ ሐኪሞች ከድኻ ገበሬዎች መካከል ቀጫጭን ሆነው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ብዙ ሕመምተኞች ገልጸዋል፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመምም እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ተብሎ ታውቋል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ክሳ» ማለት በቁስል ላይ መዶሻ ማሳረፍ ነው። ውሃ ጥም የበዛበት፥ ሽንት የሚያመላልሰው፥ ሳያስበው የከሳ ሰው መላክ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ እህል ምርጫ አይደለም። ኢንሱሊን እየወጋ ደግሞ በምክር ብቻ እህል የቀነሰ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

በከተማ ግን ወንበር ላይ የሚውል፥ በባጃጅ የሚሄድ፥ ለስላሳ መጠጥ የለመደ ሰው እየበዛ መሄዱን አንክድም። ለእርሱ ምክሩ ተስተካክሎ ቢነገር ይጠቅመዋል፤ ነጩን ዳቦና ስኳሩን ይቀንስ፥ ጥራጥሬውን ያብዛ፥ ዘይቱን ይመጥን፥ በእግሩ ይሂድ፥ ከሁሉ በፊት የሚበላውን መጠን ይወቅ። ይህን ለመምከር የባዕድ ስም ያለው ቁጥር የግድ አያስፈልግም።

ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የበቆሎ፥ የዳጉሳና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ፥ በየቤቱ እንደሚቦካውና ከሽሮው ጋር እንደሚበላው ሆኖ ይለካ፤ የምርምር ክፍል ያለው ተቋም ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ በዳቦ የተለካውን ለእንጀራ፥ ለወፍራም የተነገረውን ለከሲታ አንስጥ። ምክር እንደ መድኃኒት ነው፤ ከመሰጠቱ በፊት የሚቀበለው ሰው ይታይ።