ከመሪው በፊት ወረቀቱ

አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን የጫነ ታንከር የሚነዳ ሹፌር ቀበቶውን አስሮ ሳለ የጭነቱ ወረቀት እጁ ከሚደርስበት መራቅ የለበትም። ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ ወይ በበሩ ውስጠኛ ኪስ ወይ በራሱ ወንበር ላይ ትቶት ይወርዳል። ሌላ ቦታ አይፈቀድም። ሕጉ ይህን ያህል የሚያጠብቀው ሹፌሩ መናገር የማይችልበት ቀን ሊመጣ ስለሚችል ነው። መኪናው ተገልብጦ፣ ሹፌሩ ራሱን ስቶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሩን ሲከፍት ምን እንደተጫነና ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረው ያ ወረቀት ነው።

እኔ ነዳጅ ከዴፖ ወደ ማደያ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ የማምንበት አንድ ነገር አለ፤ የሃዝማት፣ ማለትም የአደገኛ ዕቃ፣ ፈቃድ ከምንም በላይ የማንበብ ፈቃድ ነው።

ከወረቀቱ አንድ መስመር ልውሰድ። «ዩኤን 1203፣ ጋዞሊን፣ 3፣ የማሸጊያ ምድብ ሁለት» ይላል። ቅደም ተከተሉ አይዛባም። መጀመሪያ መለያ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ የዕቃው ሕጋዊ ስም፣ ከዚያ የአደጋው ዓይነት፣ በመጨረሻ የአደገኝነቱ ደረጃ ይጻፋል። 3 ማለት ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው። መጠኑም ይመዘገባል፤ ቀንም ሌትም ሰው የሚያነሳው የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥርም ይኖራል። እኔ ወረቀቱን ስቀበል ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ታንከሩን ዞሬ በአራቱም ጎን ያለው ቀይ ምልክት 1203 ማለቱን አያለሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያንን ቁጥር ከሩቅ በመነጽር አንብበው ብርቱካናማውን የአደጋ መመሪያ መጽሐፍ ይገልጣሉ፤ 1203 ወደ መመሪያ 128 ይመራቸዋል። እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወረወር ውሃ እንዳይለቁበት ያስጠነቅቃቸዋል፤ ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳልና። አንድ አሃዝ ብትሳሳት ሰዎቹ የሚያነቡት የሌላ ዕቃ መመሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ባዶ ታንከር ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ቤንዚኑ ሲራገፍ ቦታውን ተን ይይዘዋል፤ እሳት የሚይዘውም ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። ስለዚህ ታንከሩ ታጥቦ ከተኑ እስኪጸዳ ድረስ ምልክቱ አይነሳም፣ ያለ ሃዝማት ፈቃድም አይነዳም። ባዶውን ሲመለስም የባቡር ሐዲድ ጋ ከ15 ጫማ ሳይቀርብ፣ ከ50 ጫማም ሳይርቅ ይቆማል፤ ሐዲዱን ሲያቋርጥ ማርሽ አይቀይርም። ከታንከሩ በ25 ጫማ ዙሪያም ሲጋራ አይጨስም። ከኋላ የሚመጣ መኪና ጡሩንባ ቢያንባርቅ ያንባርቅ፤ መቆም ግዴታችን ነው።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። መጀመሪያ ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ይኖራችኋል። በላዩ የሃዝማቱ «ኤች» ይጨመራል፤ ከታንከር ፈቃድ ጋር ሲደረብ መንጃ ፈቃዱ ላይ «ኤክስ» ተብሎ ይጻፋል። ከግዛት ግዛት ለሚያሻግር ሰው ዕድሜው 21 የሞላ መሆን አለበት። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ኤችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሁሉ በፌደራል መዝገብ ከገባ ማሠልጠኛ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለፈተና አይቀርብም። ፈተናውን ለማለፍ 80 በመቶ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አሻራ አለ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ፣ በ2001 የወጣው የፓትሪዮት አክት ግዛቶች የፌደራል ምርመራ ሳይደረግ ይህን ፈቃድ እንዳይሰጡ ከለከለ፤ ምርመራውን የሚያደርገው የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ቲኤስኤ ነው። ወገኖቻችን እዚህ ላይ ያለ ምክንያት ይፈራሉ። ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። አንዳንድ ከባድ ወንጀሎች ለዘለቄታው ይከለክላሉ፣ ሌሎቹ ለተወሰኑ ዓመታት። አደገኛ ዕቃን ከሕግ ውጭ በማጓጓዝ በወንጀል መቀጣት ከዘለቄታዎቹ አንዱ ነው፤ ይህን ብዙ ሹፌር አያውቀውም።

እንግሊዝኛም አለ። ሹፌር ምልክት ለማንበብ፣ ለመርማሪ መልስ ለመስጠት፣ ሪፖርት ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲኖረው የሚያዘው ደንብ ድሮም ነበር፤ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ይህን የማያሟላ ሹፌር መንገድ ላይ ከሥራ ይታገዳል። አፈጻጸሙ ብዙ አከራክሯል፤ እንጀራቸውን ያጡ ስላሉ ክርክሩ ይገባኛል። ሃዝማት ላይ ስንመጣ ግን አቋሜ ግልጽ ነው። ታንከሩ ማፍሰስ ቢጀምር ሌሊት የደረሰው የእሳት አደጋ አዛዥ «ምንድን ነው የጫንከው? የትኛው ክፍል ነው የሚያፈሰው?» ብሎ የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው። መልሱም ወዲያው መምጣት አለበት።

ለዚህ ነው የፈተናውን ጥያቄና መልስ ኮፒ አድርጎ መሸምደድን የምቃወመው። ከዳላስ እስከ ሲያትል በእኛ ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አያለሁ። በእርግጥ ያሳልፋል። ሀገር ቤት ከጅቡቲ ቦቴ ሲያመላልስ የኖረ ጎበዝ ሹፌርም በሽምደዳ አልፎ የራሱን ጭነት ወረቀት ማንበብ ያቅተዋል፤ ልምዱ ሳያንሰው።

ፈቃዱ ሲታደስ ፈተናው እንደገና ይሰጣል፣ የቲኤስኤው ምርመራም ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይደገማል። ስለዚህ የማብቂያውን ቀን አይታችሁ ቢያንስ 60 ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ እስኪያልቅ ሃዝማት አይነዳም። ማኑዋሉ ከየግዛታችሁ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት በነጻ ይገኛል። የአደገኛ ዕቃው ምዕራፍ 9 ነው፤ የታንከሩ ምዕራፍ 8። እባካችሁ ሁለቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በእንግሊዝኛው አንብቧቸው።