የጓዳው ነገር በድርሰታችን ውስጥ

የአማርኛ ልብ ወለድ ድርሰት ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ደራሲዎቻችን ጦርነቱን፣ ስደቱን፣ የፍቅርን ሥቃይ፣ የባላባቱንና የጭሰኛውን ጠብ፣ የአብዮቱን እሳት በየተራ ጽፈውታል፤ ከእነዚህም መካከል ማንም ሊንቃቸው የማይችል ታላላቅ መጻሕፍት ወጥተዋል። ይሁን እንጂ አንድ አንባቢ ተነሥቶ፣ «አንድ ተራ ቤተ ሰብ አንዲት ተራ ማክሰኞን እንዴት አድርጎ እንደሚያሳልፋት የሚያሳየኝ ድርሰት የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ ለመስጠት ጥቂት ማሰብ ያስፈልገናል። ደራሲው ወደ ሰው ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለልቅሶ፣ ወይም ባልና ሚስት ሊፋቱ በተቃረቡበት ሰዓት ነው። እንደ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ወደ ጓዳ አይዘልቅም። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ የጓዳውን ነገር ነው።

ነገሩ ከመነሻው ጀምሮ የመጣ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ አባት በጦርነት ይማረካል፣ ቤት ይፈታል፣ ልጆችም ይንከራተታሉ፤ ቤቱ ሳይፈታ በፊት ሰዎቹ እንዴት ይኖሩበት እንደ ነበረ ለማወቅ ግን ፋታ አናገኝም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም»ን ሲያሳትሙ በእርግጥ ወደ ቤት ውስጥ ገብተዋል፤ ዳሩ ግን የገቡት መምህር ሆነው ነው። በፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ ስለ ድግስና ስለ ተዝካር ከዘመዶቹ ጋር ሲከራከር ክርክሩን እንሰማለን፤ የተከራካሪዎቹን ፊት ግን ብዙም አናይም። ይህን የምንለው ብላቴን ጌታን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ድርሰት ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርት እንዲሆን ይፈለግ ነበርና። የሚያሳዝነው ልማዱ ምክንያቱን አልፎ እስከ ዛሬ መኖሩ ነው።

ከዚህ ልማድ ለመውጣት መንገዱን ያሳዩን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያስበው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። እኛ ግን ደጋግመን የምናነበው የመጽሐፉን መጀመሪያ፣ የማንኩሳውን ክፍል ነው። ውድነሽ በጣሙ ሀብት ያላት፣ ባሎቿ ግን በየተራ ስለ ሞቱባት የምትፈራ ሴት ናት። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ በእርሷ ቤት የሚያገለግል ድኻ ሰው ነው። ሁለቱ እንዴት ተጋብተው አንድ ቤት እንደ ሆኑ ደራሲው የሚተርኩት በሚያስደንቅ ትዕግሥት ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ውድነሽን የሚያሙትን የሰፈር ሰዎች ክፉዎች አድርጎ ያቀርባቸው፣ ሐሜታቸውንም ይገሥጽ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ሰዎቹን አይገሥጹም። ፍርሃቱን እንደ አየር፣ እንደ ውርጭ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ እንደሚተነፍሰው ነገር አድርገው ያሳዩናል። እነዚህ ባልና ሚስት ለአንድ ልጃቸው ሕይወት ሲሉ የሚሳሉት ስለት ደግሞ በኋላ የሚመጣውን ታላቅ መከራ ሁሉ በማኅፀኑ የያዘ ነው። የዚያ ሁሉ አሳዛኝ ታሪክ ዘር የተዘራው በአደባባይ ወይም በጦር ሜዳ ሳይሆን በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ፣ በእናትና በአባት ጭንቀት መካከል መሆኑን ስንት ሐያሲ አስተውሎታል?

በሣቅ በኩል ደግሞ አቶ መንግሥቱ ለማ አሉ። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉት ሁለቱም ኮሜዲዎቻቸው የሚነሡት ከጋብቻ ነው፤ በመጀመሪያው የከተማ ወጣቶች በአያቶቻቸው የጠለፋ ልማድ ሲጫወቱ፣ በሁለተኛው ከባላባት ወገን የሆነ የተማረ ሰው ከቤት ሠራተኛው ጋር ለመጋባት ሲነሣ እናያለን። አቶ መንግሥቱ የተረዱት ነገር፣ በአደባባይ ስለ እኩልነት የሚናገር ሰው እውነተኛ ሐሳቡ የሚታወቀው በቤቱ ውስጥ «ውሃ አምጪ» ብሎ በሚያዝበት ድምፅ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ጐረቤት እንምጣ። በአጫጭር ልብ ወለዶቻችንና በሬዲዮ ድራማዎቻችን ውስጥ ጐረቤት የተባለችው ሴት ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ ብቻ አላት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ሰማሽ ወይ?» እያለች በአጥር ሥር ትመጣለች፤ ወሬ ታመጣለች፣ ወሬ ትወስዳለች፣ ከዚያም ደራሲው አይፈልጋትም። በእውነተኛው ኑሮ ግን ይህችው ሴት ወሬኛ ብትሆን እንኳ ወሬኛ ብቻ አይደለችም። አራስ ትጠይቃለች፤ የሰው ልጅ ሲያጠፋ እንደ ራሷ ልጅ ትቆጣለች፤ እቁብ ትሰበስባለች፤ ሞት ሲመጣ የዕድሩ ድንኳን ሳይተከል እንጀራዋን ይዛ የምትደርስ እርሷ ናት። የጐረቤቷ የቤት ቁልፍ የሚቀመጠው ከእርሷ ዘንድ ነው። የምታውቀውን ሁሉ ብትናገር ኖሮ ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ከምትናገረው የማትናገረው ይበልጣል፤ ደራሲዎቻችን ግን የምትናገረውን ብቻ ጽፈው ትተዋታል።

የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። በድርሰቶቻችን ውስጥ ቡና ሲፈላ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ይቈጠራል፤ ከዚያም ድርሰቱ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል። ይህ ለአገር ጐብኚ የተዘጋጀ ሥዕል ነው። የቡና ጥሪ የሚደርሰው በልጅ እግር መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ልጁ ወደ አራት ቤት ተልኮ ወደ አምስተኛው ቤት እንዳይሄድ ቢነገረው፣ ድርሰቱ መጀመር ያለበት ከዚያ ላይ ነበር። ያልተጠራችው ሴት የሙቀጫውን ድምፅ ትሰማለች። የሚቆላው ቡና ጢስ በበሯ በኩል ያልፋል። ልጁ በደጇ ሲሮጥ አይቷት አንገቱን ይደፋል። ነገ ተራዋ ደርሶ እርሷ ስታፈላ ማንን እንደምትጠራ፣ ማንን እንደምትተው ከአሁኑ ታስባለች፤ ወይም ደግሞ ሁሉንም በመጥራት ልታሳፍራቸው ትወስናለች። ለአንድ አጭር ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? ሞት የለበትም፣ ፍቺ የለበትም፤ ነገር ግን የአንዲት ሴት ክብር ተነክቷል።

የአዲስ አበባ የግቢ ኑሮ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች አስተዳደር ሥር ገቡ። በብዙ ግቢዎች ውስጥ በዘርም፣ በሃይማኖትም፣ በሥራም የማይገናኙ፣ እርስ በርሳቸው ያልተመራረጡ ሰዎች አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ የመብራት ቆጣሪ ተካፍለው ኖሩ። ቆጣሪው በአንዱ ሰው ስም ነው፤ የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ለየቤቱ ይከፈላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እመቤትና አንድ አምፑል ብቻ ያላት መበለት እንዴት አድርገው ይካፈሉ? ጠቡ የሚነሣው በጥቂት ብር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ብር የተጣላችው ሴት ባለፈው ሳምንት የብሩን ዕጥፍ የሚያወጣ ስኳርና ዘይት ለዚያችው ጐረቤቷ አበድራ፣ ሳትጠይቅ ትታው ይሆናል። እንግዲህ የሚያጣላቸው ምንድን ነው? መልሱን ሁለቱም ሴቶች አያውቁትም። ደራሲው ማወቅ አለበት።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የሰጠንን መሣሪያ አለመጠቀማችን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስገርመናል። አንዲት ሴት ታላቋን «እትዬ» እያለች፣ በ«እርስዎ» ስታነጋግር አሥር ዓመት ኖራ፣ አንድ ጠዋት በቧንቧው አጠገብ «አንቺ» ብላ ብትጀምር ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል። ገና ስድብ አልተሰደበም፤ ቢሆንም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስድብ ሁሉ ከዚህች ከአንዲት ቃል ያነሰ ነው። ዕርቁም የሚታወቀው እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው፣ ጉልበት ተስሞ እንኳ ነገሩ አይጠናቀቅም፤ «እትዬ» የምትለው ቃል በማግስቱ ጠዋት፣ ሽማግሌ በሌለበት፣ በራሷ ጊዜ ተመልሳ ስትመጣ ነው ዕርቅ ወረደ የሚባለው። እንደዚሁም በበኵር ልጇ ስም «የእገሌ እናት» እየተባለች የምትጠራ፣ የራሷን ስም የግቢው ሰው የሚሰማው በዕድር መዝገብ ላይ ሲነበብ ብቻ የሆነች ስንት ሴት አለች! በድርሰቶቻችን ውስጥ ግን ሽማግሌው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ተማሪውና ጡረተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት የጋዜጣ አማርኛ ይናገራሉ።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ የሚያርፍ፣ የሚጫወት፣ ለራሱ ደስታ ብሎ አንድ ነገር የሚሠራ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። አቶ በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባወጡት «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ወርቁ የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ልቡ ወደ ሥዕል ያዘነብላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ለእርሱ የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ ሳይሆን የሕይወቱ ጥያቄና ጭንቀቱ ነው። ለምሳሌ ስፌትን እንውሰድ። አክርማው ቀለም ይነከራል፤ ስንደዶው እንደ አጥንት ሆኖ አክርማው ይጠመጠምበታል፤ በወስፌ እየተበሳ ዙሩ በዙሩ ላይ ይወጣል። አንድ መሶብ ወራት ይፈጃል፤ ጥለቱ ከተሳሳተም ወደ ኋላ መፍታት ነው። ሴቶች ይህን ይዘው ከደጅ ሲቀመጡ ዐይናቸው ከስፌቱ ላይ ስለማይነሣ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማይናገሩትን ነገር ይናገራሉ። በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ጡረተኞችም እንዲሁ በአንዲት ጠጠር መነሣት ምክንያት ለሁለት ወር የሚኳረፉ ናቸው። ይህ ሁሉ ለደራሲ ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ጎተራ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ዛሬ አጥብቀን የምንናገረው ጊዜው ስለሚያስቸኩል ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ለብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ጐረቤቶች ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻዎች ተበተኑ። ከዚህ በኋላ ስለ ድሮው ሰፈር የሚጻፉ ትዝታዎች በዝተዋል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን ሁልጊዜ እውነተኛ አይደለም። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የድሮው ግቢ ፍቅር ብቻ የሞላበት፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ትሪ የሚበላበት ገነት ሆኗል። ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት የነበረበት፣ ግድግዳው የባልና ሚስትን ሹክሹክታ እንኳ የማያስቀር፣ ልጃገረድ አምሽታ ስትገባ ስንት መጋረጃ እንደሚገለጥ የምትቈጥርበት ግቢ ገነት አልነበረም። ሰዎቹ ይህን ሁሉ እየቻሉ መዋደዳቸው ነው የሚያስደንቀው። ምሬቱን አውጥተን ፍቅሩን ብቻ ብንጽፍ ፍቅሩም አይታመንልንም። ነገሩን በሙሉ የሚያውቁት እናቶች ደግሞ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ማንም ቁጭ ብሎ ሳይጠይቃቸው ያልፋሉ።

አዲሱስ ሰፈር? በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ውስጥ፣ ለነዋሪዎቹ እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና በግ ማረጃ እንዲሆን ተብሎ የጋራ መገልገያ ቤት ከሕንፃዎቹ አጠገብ ተሠርቷል። መሐንዲሶቹ ሳያስቡት ለድርሰት የሚሆን ቤት ሠርተዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። ቁልፉ ከማን ዘንድ ይቀመጣል? ለፋሲካ ሌሊት ማን አስቀድሞ ያርዳል? ጾም የሌለበት ሙስሊም ጐረቤት በዐቢይ ጾም ሥጋ ሲያበስል ምን ያህል ይጠነቀቃል? ጾመኛውስ በረመዳን ቀን ቡና ሲቆላ በሩን ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? «ኮንዶሚኒየም ሰውን ለያየ» የሚለውን ነጠላ ቃል በየጽሑፉ አንብበነዋል፤ ደረጃውን ወጥቶ ያየ ደራሲ ግን ጥቂት ነው። ከካዛንቺስ ተነሥታ አራተኛ ፎቅ ላይ የገባች አንዲት እናት፣ በመጀመሪያው እሑድ ቡናዋን ቆልታ፣ ስማቸውን ከማታውቃቸው ከሦስቱ በሮች የትኛውን አስቀድማ እንደምታንኳኳ፣ የምትልከው ልጅም ከሌላት እርሷ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ እንዴት እንደምትወጣ የሚነግረን ድርሰት እየጠበቅን ነው።