የባት ጡንቻ ኃይል አለካክና የአካል አቀማመጥ፤ በተረከዝ ማንሣት ፈተና ላይ የቀረበ ሂስ

የባት ጡንቻ ኃይል በአብዛኛው የሚለካው ተፈታኙ በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን ደጋግሞ እንዲያነሣ በማድረግ ነው። ዘዴው መሣሪያ አይጠይቅም። ስለሆነም ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የገጠር ትምህርት ቤቶች ለሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመራጭ ቢመስል አያስገርምም። ይሁን እንጂ የአንድ ፈተና ቀላልነት ለትክክለኛነቱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ባት በዋነኛነት ከሁለት ጡንቻዎች የተገነባ ነው። ጋስትሮክኔሚየስ የተባለው ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ተነሥቶ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ያቋርጣል። ሶሌየስ የተባለው ግን ከጉልበት በታች ካሉት አጥንቶች ስለሚነሣ ቁርጭምጭሚትን ብቻ ያቋርጣል። ሁለቱም በአኪለስ ጅማት አማካይነት ከተረከዝ ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ጉልበት ሲታጠፍ ጋስትሮክኔሚየስ ያጥራል፤ የሚያበረክተውም ኃይል ይቀንሳል። ተቀምጦ የሚደረገው ፈተና ይበልጡን የሚመዝነው ሶሌየስን ነው ማለት ነው። የእግር ጣቶች ወደ ቅልጥም ቀና ባሉ ጊዜ የሚገኘው ኃይልም ወደ ታች በተዘረጉበት ጊዜ ከሚገኘው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። እንግዲህ አቀማመጡ ያልተመዘገበ ውጤት ምን እንደ ለካ አይታወቅም።

ሁለተኛው ሂስ በመመዘኛው ቁጥር ላይ ያነጣጥራል። የደኅና ሰው መለኪያ ሆኖ በሰፊው የተጠቀሰው 25 ጊዜ ማንሣት የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ላንስፎርድና ፔሪ በአሜሪካ 203 ጤናማ ጎልማሶችን ፈትነው ካሳተሙት ጥናት ነው። ይህን ቁጥር ሳይመረምሩ በአሶሳ ወይም በመተከል ለሚማር ሕፃን ማዋል ተገቢ አይደለም። ቆሞ በሚደረገው ፈተና የሚነሣው ሸክም የተፈታኙ የራሱ ክብደት በመሆኑ፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ተማሪ በአንድ ቁጥር ማወዳደርም ያሳስታል።

በሆድ አስተኝቶ በእጅ ተቃውሞ መፈተንም መፍትሔ አይሆንም። ባት መላ አካልን የሚሸከም ጡንቻ ስለሆነ፣ የደከመ ባት እንኳ የፈታኙን እጅ ሊያሸንፍና ድካሙ ሊሸሸግ ይችላል።

ቆሞ መፈተኑ ካልቀረ ሥርዓት ሊበጅለት ይገባል። ጉልበት ቀጥ ብሎ ይቆይ፤ ግድግዳ የሚነካው ለሚዛን ያህል በጣት ጫፍ ብቻ ይሁን፤ ተረከዝ የሚደርስበት ከፍታ አስቀድሞ ይወሰን። ለዚህም በክልሉ በብዛት የሚበቅለው ቀርከሃ በልክ ተቆርጦ ለከፍታ ምልክትነት ሊያገለግል ይችላል። ትእዛዙም ተማሪው በሚረዳው ቋንቋ፣ በበርታ፣ በጉሙዝ ወይም በሺናሻ ይነገረው። በአማርኛ «ጉልበት» መገጣጠሚያውንም ብርታቱንም ስለሚያመለክት፣ በመዝገብ ላይ ለመገጣጠሚያው «ጉልበት»፣ ለብርታቱ «ኃይል» ተብሎ ቢለይ ስሕተትን ያስቀራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጉልበቱን አጥፎ ቁጥሩን የሞላ ልጅ፣ በፖሊዮ ወይም በነርቭ ጉዳት የደከመ ባቱ ሳይታወቅለት ሊቀር ይችላል። ጉልበቱን አቅንቶ፣ ተረከዙን እስከ መጨረሻው እያነሣ በሐቅ የተፈተነውም ከእርሱ ያነሰ ውጤት አግኝቶ ደካማ ሊባል ይችላል። መምህሩ ከቁጥሩ በፊት የተማሪውን አቋቋም መመልከት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።