ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ወይስ ዘግቶ ማስታወስ?

ፈተና ሲቃረብ አብዛኞቻችን ደብተራችንን ደጋግመን እናነባለን። ይህ ልማድ ይጠቅማልን? ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ በተማሪዎች ላይ አድርገው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

አንደኛው ወገን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ አነበበ፤ ሁለተኛው በአንዱ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ያስታወሰውን ጽሑፉን ሳያይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተፈተኑት ዘንድ አንደኛው ወገን ከሐሳቡ 83፣ ሁለተኛው 71 በመቶ አስታወሰ። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንደኛው 40፣ ሁለተኛው 61 በመቶ ሆነ። የሚያስገርመው፣ ከሳምንት በኋላ እናስታውሳለን ብሎ ይበልጥ የተማመነው ደጋግሞ ያነበበው ወገን መሆኑ ነው።

ጥናቱን ብናመሰግንም ሁለት ነገር እንነቅፋለን። አንደኛ፣ ጽሑፎቹ 300 ቃል እንኳ የማይሞሉ ነበሩ፤ ስለ ዓመት ሙሉ ትምህርት ከዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሁለተኛ፣ የተለካው የተነበበውን ሐሳብ መልሶ መጻፍ ነው እንጂ በአዲስ ጉዳይ ላይ ማዋል አይደለም። ቃል በቃል መድገምም አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ጥናቱን ለሽምደዳ ጠበቃ ማድረግ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ፍሬ ነገሩ አይናወጥም፤ ይኸውም ፈተና መለኪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ትምህርት መሆኑ ነው። ስለዚህ መምህራን አጫጭር ጥያቄዎችን ቢያዘወትሩ፣ እኛም ደብተራችንን ዘግተን ራሳችንን ብንጠይቅ ይበጃል እንላለን። ስናነብ የሚሰማን ቅለት ዕውቀት መስሎ አያታልለን።