ፊልም ሠርቶ ባለቤት መሆን፦ የኃይሌ ገሪማ የሥራ አስኪያጅነት ገጽታ

ኃይሌ ገሪማ በፊልም ጥናት የሚነሡት በአብዛኛው በዳይሬክተርነታቸው ነው። የፊልም ድርጅት መሪነታቸው ግን ከዚያ ያነሰ ቦታ የሚሰጠው አይደለም፤ ሥራዎቻቸው እስከ ዛሬ የዘለቁት በዚህ ድካም ጭምር ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ ቴአትር፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ፊልም አጠኑ፤ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 በአብዮቱ ወቅት ኢትዮጵያ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ቀረጹ።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው በ1982 ነው። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ማይፈዱህ ፊልምስ የተባለውን የስርጭት ድርጅት አቋቋሙ። ፈተናው «ሳንኮፋ» ሆነ። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል የተወዳደረውን ይህን የባርነት ዘመን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። ባልና ሚስቱ ሲኒማ ቤት ተከራይተው፣ ጥቁር አሜሪካውያንን በየከተማው በማስተባበር ራሳቸው አሳዩት። ተመልካቹ ጎረፈ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትይዩ የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብርም የፊልሙን ስም ያዘ። ፊልሙን የሠራ ሰው የማሳያውን በር ለሌላ ካስረከበ ግማሹን ሥራ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ኃይሌ አላስረከቡም። በ2021 የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት አሬይ የታደሰውን «ሳንኮፋ» በኔትፍሊክስ ሲያቀርብ፣ ፊልሙ ከሠሪዎቹ እጅ ሳይወጣ ቆይቶ ነበር።

መንገዱ ዋጋ አስከፍሏል። ገንዘብ አፈላላጊውም አከፋፋዩም ያው ዳይሬክተሩ ሲሆን ፊልሞች ይዘገያሉ። ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» አሥራ አምስት ዓመት አለፈ፤ በመካከሉ ከወጡት አንዱ «ዓድዋ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ድርጅቱ በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ መቆሙ ግን ትልቁ ድክመቱ ነው።

ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ ይኸው የፊልም ባለቤትነት ጥያቄ በሌላ መልክ ይነሣል። በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ የሚሄዱ የፊልም ቀረጻ ባለሙያዎች በዳባት አልፈው ደባርቅ ይደርሳሉ፤ እዚያ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዘው ይወጣሉ። ጭላዳንና ዋልያን ቢቢሲ በ2006 ባሰራጨው «ፕላኔት ኧርዝ» ዓለም አይቷቸዋል። የአካባቢው ሰው በእንዲህ ያለው የቀረጻ ሥራ የሚያገኘው የስካውት፣ የአስጎብኚ፣ የምግብ አብሳይና የበቅሎ ነጂ የቀን አበል ነው፤ ምስሉን ደግሞ ደጋግሞ የመሸጥ መብት ከፊልም ድርጅቱ ጋር ይሄዳል። የኃይሌ ልምድ ለደባርቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የቀረጻ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የተቀረጸው ሁሉ ቅጂ በከተማዋ እንዲቀመጥ፣ ትምህርት ቤቶችም ያለ ክፍያ እንዲያሳዩት የሚያስገድድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ሊኖር ይገባል።