ሕንፃውና ሜዳው

የደብረ ታቦር ሰው አዲስ አበባ ገብቶ የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ሽቅብ ሲያይ አንገቱ ቢታክትም፣ ትንሽ መኩራት ይችላል። ሕንፃው 209 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ የሕንፃው ጫፍ እንኳ ከእሷ መሬት ዝቅ ይላል። የጉና ተራራንማ ተዉት! ቢሆንም በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ መስተዋት ለበስ ግንብ ያምራል፤ በተለይ አመሻሽ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት።

እኔ የማደላው ግን ከዚያ በእግር ብዙ ለማያስኬደው ለአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ኢትዮጵያና ግብፅ የተገናኙበት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እዚያ ተካሄደ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ግርማ ተክሌ አንዴ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አንዴ አስቆጥረው አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። 4 ለ 2! ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ቀን ያየ ፎቅ በከተማው የለም። ኢትዮጵያም ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ ደግማ አላነሳችም።