የሐረር ሰው ማን ይባላል?

እስቲ ፈረስ መጋላ መሀል እንደቆማችሁ አስቡ። ሐረር ውስጥ፣ በጁገል ግንብ የታቀፈው አደባባይ ማለቴ ነው። ወደ መኪና ግርግር ብትታጠፉ የስፌት መኪኖች ጩኸት ይቀበላችኋል፤ መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጩኸት ነው። እዚያ የሚተላለፈውን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ጥሩ ብትባሉ ምን ትላላችሁ?

የለመድነው ዘዴ ቀላል ነው። ጎጃም ካላችሁ ጎጃሜ፣ ጎንደር ካላችሁ ጎንደሬ፣ ወሎ ካላችሁ ወሎዬ፣ አዲስ አበባ ካላችሁ አዲስ አበቤ። እንዲህ ያለው ቃል በሥነ ልሳን «ዲሞኒም» ይባላል፤ «ሕዝብ» እና «ስም» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ «በአንድ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች መጠሪያ» ተብሎ ይፈታል። ትችቴ እዚህ ፍቺ ላይ ነው፤ መኖርንና መሆንን ያምታታል።

አዲስ አበባ 40 ዓመት የኖሩ ሰው ዛሬም «ጎጃሜ ነኝ» ይላሉ። ማንም አይገርመውም። «ጎጃሜ» የሚመልሰው «የት ትኖራለህ?» ለሚለው ሳይሆን «ከየት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «አዲስ አበቤ» ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ኑሮ ይናገራል። መድረሻው ድምፅ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ይለያያል።

ሐረር ላይ ልዩነቱ ይባስ ይሰፋል። «ሐረሪ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ኢ» የዐረብኛ ነው፤ «የመኒ» በሚለው ውስጥም አለ፤ ለግእዙ «‑አዊ» ዘመዱ ነው። ቅርጹን ብቻ ካያችሁ «የሐረር ነዋሪ» ማለት ይመስላችኋል። ግን አይደለም። ሐረሪ የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ስም ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183 ሺህ ገደማ ነበር። ከመቶው 56 ያህሉ ኦሮሞ፣ 23 ያህሉ አማራ፣ ሐረሪው 9 ገደማ። ስለዚህ «ሐረሪ ማለት የሐረር ነዋሪ» የሚል ፍቺ ከአሥሩ ነዋሪ ዘጠኙን ይስታል።

ይሄ ያው የቃላት ጨዋታ ነው እንዳትሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ክልሉን የሚጠራው «የሐረሪ ሕዝብ ክልል» ብሎ ነው። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ የሚመርጧቸውም ሐረሪዎች ብቻ ናቸው። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ይምረጡ አይምረጡ የሚለው ጉዳይ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እንግዲህ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሐረሪ ሊሆን ይችላል፤ ፈረስ መጋላ ተወልዶ ያደገው ደግሞ ላይሆን ይችላል። ከቃሉ ጀርባ ድምፅ አለ ማለት ነው።

ሐረሪዎች ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ» ይላሉ፣ ቋንቋቸውን ደግሞ «ጌይ ሲናን»። ጌይ ማለት ከተማ ነው። የከተማዋ ሰው፣ የከተማዋ ቋንቋ። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ (አሚር ኑር ነው ያሠራው ይባላል) የከተማዋ ሰው ማለት በአብዛኛው ከግንቡ ውስጥ ያለ ሰው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ ሌላም ሰው መጣ፣ ከተማዋም ከግንቡ ወጥታ ሰፋች። ቃሉ ግን ባለበት ቆየ።

«አደሬ» የሚለውስ? በድሮ መጻሕፍት ሞልቷል። ሌሎች የሰጡት ስም ነው፤ ብዙ ሐረሪዎች አይወዱትም። አንድ አዛውንት በልማድ ቢሉት ለስድብ አይደለም ይሆናል፤ እናንተ ግን ስትጽፉ ሰው ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩት።

ችግሩ የሐረር ብቻ አይደለም። ሃዋይ ውስጥ «ሃዋይያን» የሚባለው በተለምዶ ነባሩ ሕዝብ እንጂ የደሴቶቹ ነዋሪ ሁሉ አይደለም። ሩሲያኛ ደግሞ ሁለት ቃል አለው፤ «ሩስኪ» ለሕዝቡ፣ «ሮሲያኒን» ለዜጋው።

አማርኛስ? «የሐረር ልጅ» አለን። እኔ እወደዋለሁ፤ ብሔር አይጠይቅም። ጉድለትም አለበት፤ በ40 ዓመቱ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ሰውዬ «ልጅ» ለመባል ይዘገያል። ለእሱ «የሐረር ነዋሪ» ይቀራል፤ የቀበሌ መታወቂያ ይሸታል፣ ግን አይዋሽም።

በመጨረሻ ወደ አደባባዩ ስም እንመለስ። «መጋላ» በሐረሪኛ ገበያ ነው፤ ፈረስ መጋላም የፈረስ ገበያ። ኦሮምኛ ተናጋሪው «መጋላ» ሲል ግን ከተማ ማለቱ ነው፤ ሶማሊኛው «መጋሎ»ም እንደዚያው። ሦስቱም እዚያው አደባባይ ላይ እየተገበያዩ አንዱን ቃል በየራሳቸው ይረዱታል። አንድ ቃል ለሁሉም እኩል ይሠራል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አስታውሱ። እስቲ የእናንተ ከተማ ሰው ምን ይባላል? ከስሙ ውጭ የሚቀረውስ ማነው?